ልጆችን ይዞ ወደ ነጩ አሸዋ ስለ መሄድ

ሰው ከዕለት ሥራው ዐርፎ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሩቅ ስፍራ ለመሄድ ባሰበ ጊዜ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው በዚያ የሚታየው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። ይህ ጥያቄ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጉዞው ወደ ምድረ በዳ የሆነ እንደ ሆነ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከሚሄዱት ሁሉ ታናሹ ልጅ ምን ያህል መንገድ ለመራመድ እንደሚችልና ምን ያህል ውኃ እንደሚያስፈልገው ማወቅ ነው። አባት በራሱ ጉልበት ልክ የለካው መንገድ ለልጁ አይሆንም፤ ልጅም ደከመኝ ብሎ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ፈጽሞ ከደከመ በኋላ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት የሚገኘው ታላቁ የነጭ አሸዋ ምድር ነው። በአገሩ ቋንቋ ዋይት ሳንድስ ይባላል፤ ትርጓሜውም ነጭ አሸዋ ማለት ነው። በዴንቨር፣ በዳላስና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ተቀምጠው ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት ስለ አገሩ ብሔራዊ ፓርኮች እየሰሙ መጥተው ውሰዱን ማለታቸው አይቀርም። ከአዲስ አበባ የልጅ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የተሻገሩ አያትም በመኪናው ውስጥ አብረው የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመንና ወር ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ሰዓቱን ግን በእኛ ልማድ ጽፈነዋል።

ስፍራው የሚገኘው ቱላሮሳ በሚባል ሰፊ ሜዳ ውስጥ ነው። ሜዳውን በምሥራቅ የሳክራሜንቶ፣ በምዕራብ የሳን አንድሬስ ተራሮች ከበውታል፤ ከውስጡም ወጥቶ ወደ ባሕር የሚደርስ ወንዝ የለም። ዝናምና የቀለጠ በረዶ ከተራሮቹ ላይ ጂፕሰም የሚባለውን ማዕድን እያሟሙ ወደ ሜዳው ያወርዱታል። ጂፕሰም የሚለው ስም ለአንባቢ እንግዳ ቢሆንም ነገሩ ግን እንግዳ አይደለም፤ ግድግዳ የሚለሰንበት፣ በሐኪም ቤትም የተሰበረ አጥንት የሚታሰርበት ጀሶ የሚሠራው ከዚሁ ድንጋይ ነው። ወንዝ ባለበት አገር ይህ ማዕድን በውኃ ተሟሙቶ ወደ ባሕር ስለሚሄድ አሸዋ ሆኖ ሲከማች አይታይም። በቱላሮሳ ግን መውጫ ስለሌለው ሉሴሮ በሚባለው ሐይቅና በአካባቢው ጨዋማ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ፀሐይ ውኃውን ባደረቀው ጊዜም ማዕድኑ እንደ መስተዋት የሚያበራ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ይህንንም ብርድና ነፋስ እየሰባበሩ ያደቁታል፤ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ነፋስም ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየነዳ ይከምረዋል። እንደዚህ ሆኖ የተከማቸው ነጭ አሸዋ 712 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ምድር የሸፈነ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካለው የጂፕሰም አሸዋ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ከፍ ከፍ ያሉት ኮረብቶች 18 ሜትር ያህል ይደርሳሉ። ባሉበትም አይቆዩም፤ ፈጣኖቹ በዓመት እስከ 9 ሜትር ይጓዛሉ።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በ1933 ዓመት ጃንዋሪ 18 ቀን ከዚህ ምድር ከፊሉ በመንግሥት እንዲጠበቅ በዐዋጅ ወሰኑ፤ በ2019 ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን ደግሞ በሕግ ወደ ብሔራዊ ፓርክነት ማዕርግ ከፍ አለ። በፓርኩ ዙሪያ ያለው መሬት ግን የጦር ሠራዊት ነው። የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ በ1945 ዓመት ጁላይ 16 ቀን የተፈተነው ከዚህ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዚሁ በሠራዊቱ መሬት ላይ ነበር። የሮኬት ፈተና በሚደረግበት ቀን ወደ ፓርኩ የሚወስደው መንገድ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሊዘጋ ይችላል። ትንንሽ ልጆችን በመኪና ውስጥ ይዞ 3 ሰዓት መቆም ምን እንደ ሆነ ለወላጅ መንገር አያሻም፤ ስለዚህ መንገዱ የሚዘጋበትን ሰዓት አስቀድሞ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ከዝግጅቱ ሁሉ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የሌላው ምድረ በዳ አሸዋ በቀትር ጊዜ እግርን ያቃጥላል፤ የአፋርን ቈላ በባዶ እግሩ የረገጠ ሰው ይህን ያውቃል። የነጩ አሸዋ ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጂፕሰሙ የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል እንጂ ሙቀቱን በውስጡ አያስቀርም፤ ስለዚህ በበጋው ቀትር ሳይቀር ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ቢሮጡበት ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰማቸዋል። ይህ ለልጆች ደስታ ቢሆንም ለወላጅ ግን አታላይ ነገር ነው። የምድር ትኵሳት ለተጓዥ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በዚህ ስፍራ የለም፤ እግር ምንም ሳይሰማው ራስ በፀሐይ ይመታል። ብርሃኑም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ተንጸባርቆ ስለሚመጣ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው እንኳ ከአገጩ በታች ሲቃጠል ይገኛል፤ ዓይንንም ያለ ጥቁር መነጽር አያስከፍትም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በኮረብቶቹ መካከል ባለው ዝቅተኛ ስፍራ ውኃ የሚገኘው ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ነው። አሸዋውን አርጥቦ በነፋስ ፈጽሞ ተጠርጎ እንዳይሄድ የያዘውም ይህ ውኃ ነው። ነገር ግን ማዕድን የበዛበትና ጨዋማ ስለ ሆነ አይጠጣም። እንግዲህ በዚህ ምድር ውኃ ከተጓዥ እግር ሥር ተኝቶ ሳለ ሰው በጥም ይሞታል ማለት ነው።

ይህም በእውነት የሆነ ነገር ነው። በ2015 ዓመት በኦገስት ወር ከአውሮፓ ለጉብኝት የመጡ ባልና ሚስት፣ ገና 10 ዓመት ካልሞላው ልጃቸው ጋር አልካላይ ፍላት ወደሚባለው የእግር መንገድ ገቡ። መንገዱ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በከተማ ጎዳና ቢሆን ኖሮ ማንም የማይፈራው ርቀት ነበር። የዚያ ቀን ሙቀት 38 ዲግሪ ያህል ደርሷል። ጥቂት እንደ ሄዱ እናቲቱን ሕመም ስለ ተሰማት ወደ መኪናው ለመመለስ ብቻዋን ዞረች፤ አባትና ልጅ ግን መንገዳቸውን ቀጠሉ። እናቲቱ መኪናው ዘንድ ሳትደርስ ወድቃ ሞተች፤ አባትየውም በአሸዋው መካከል ሞተ። ልጁ በሕይወት ተገኘ። የወረዳው የፖሊስ ሹም በዚያን ጊዜ እንደ ገለጹት፣ ቤተሰቡ ይዞት የገባው ውኃ እያንዳንዳቸው ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ የሚይዙ ሁለት ጠርሙሶች ብቻ ነበሩ፤ ወላጆቹም ራሳቸው አንድ ጊዜ ሲጐነጩ ልጁን ሁለት ጊዜ ያጠጡት ነበር።

ይህን ያነሣነው የሞቱትን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲያውም በመጨረሻው ሰዓት ያደረጉት ነገር ከወላጅ የሚጠበቀውን ሁሉ ያለፈ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። የፓርኩ ጠባቂዎች ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን 4 ሊትር ያህል ውኃ እንዲያዝ ይመክራሉ፤ ለሦስት ሰዎች ወደ 12 ሊትር ይሆናል። ቤተሰቡ የያዘው ከ12 ሊትር ውስጥ አንድ ሊትር ከሩብ እንኳ አይሞላም፤ ከሚያስፈልገው ከአሥር እጅ አንዱ ነበር ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የአጋርን ታሪክ የሚያነቡ ሊቃውንት፣ በአቁማዳው የነበረው ውኃ ባለቀ ጊዜ ሕፃኑ ከቁጥቋጦ በታች እንደ ተጣለ ያስታውሳሉ። በአልካላይ ፍላት ግን ጥላ የሚሆን ቁጥቋጦ እንኳ አይገኝም።

እንግዲህ አባወራው ከቤቱ ሳይወጣ ይህን ሒሳብ ያስላ። አምስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ ለአንድ ቀን የሚያስፈልገው ውኃ 20 ሊትር ነው፤ ይኸውም በአገራችን እናቶች ከምንጭ የሚቀዱበት አንድ ሙሉ ጀሪካን መሆኑ ነው። ይህን ያህል ውኃ ለእግር መንገድ ከባድ ቢመስለውም ለመኪና ግን ቀላል ነው፤ ከመኪናውም እየተቀዳ በየሰዓቱ ይያዛል። በፓርኩ መግቢያ ካለው የእንግዳ መቀበያ ቤት ውኃ ይገኛል፤ ከዚያ አልፎ ወደ አሸዋው ከተገባ በኋላ ግን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ቧንቧ የለም። ስለዚህ ዕቃው ሁሉ ከበሩ ሳይታለፍ ይሞላ። በእግር የሚሄዱም፣ ከያዙት ውኃ ግማሹ ባለቀ ጊዜ የሄዱት መንገድ ጥቂት ቢሆንም እንኳ ይመለሱ። ልጅ ውኃ እስኪጠይቅ መጠበቅ አይገባም፤ በጨዋታ ተይዞ ይረሳዋልና በየጥቂቱ እየተጠራ ይጠጣ። ላብ ጨውን ከሰውነት ስለሚያወጣ ከውኃው ጋር ጨው ያለበት ነገር መቅመስ ይገባል፤ ለዚህም ከሱቅ ከሚገዛው ሁሉ ከቤት የተቈላ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ በሙቀት አይበላሽም፣ ልጅም አይሰለቸውም።

የሚሄዱበትን ወር መምረጥ ከውኃው ቀጥሎ የሚታሰብ ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ከጁን እስከ ኦገስት ድረስ ሲሆን፣ ይህ ጊዜ ለነጩ አሸዋ ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ነው፤ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በላይ፣ አንዳንዴም ከ38 በላይ ይሆናል። ወላጅ ፈቃድ የሚያገኝበትና ልጅ ከትምህርት የሚያርፍበት ወቅት ከምድረ በዳው ቁጣ ጋር መገጠሙ የብዙ ጥፋት ምክንያት ነው። የፓርኩ ሰዎች ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ከደረሰ የእግር ጉዞ እንዳይጀመር ይመክራሉ፤ ይህም ማለት በነዚያ ወራት ከረፋዱ በኋላ በእግር መሄድ ቀርቷል ማለት ነው። ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ደግሞ ብርቱ ነፋስ እየተነሣ አሸዋውን በዓይን ውስጥ ይሞላዋል። በክረምቱ ቀኑ መልካም ሲሆን ሌሊቱ ውኃ እስኪረጋ ይበርዳል። ለቤተሰብ የሚስማማው ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ እንደ እኛ አነጋገር ጥቅምትና ኅዳር ነው።

በዚህ ነገር ላይ ለካህናት አባቶች በተለይ የምናሳስበው አለን። ከኦገስት 7 እስከ 21 ቀን ያለው ጊዜ በእኛ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ጾመ ፍልሰታ ነው። ፍልሰታን ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም መሆኑ የታወቀ ነው፤ በባዕድ አገር የሚያድጉ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር ይህን ልማድ ይዘው ሲገኙ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ እህልና ውኃ ያልቀመሰ ልጅ በ38 ዲግሪ ሙቀት ላይ በአሸዋ ኮረብታ ሊወጣ አይገባውም። ጾሙም ጉዞውም እያንዳንዱ የራሱ ጊዜ አለው። የንስሐ አባት በዚያ ሰሞን ልጆቹን ይዞ ወደ ምድረ በዳ ለመሄድ የተነሣ ሰው ቢያዩ፣ ጉዞውን ወደ ጥቅምት እንዲያሸጋግር ቢመክሩት የቤተሰቡን ሕይወት የሚጠብቅ ምክር ይሆናል።

መንገዱን ስለ መምረጥ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከበሩ ጀምሮ ወደ አሸዋው መካከል የሚገባ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ አለ፤ መጨረሻው አካባቢ በተጠቀጠቀ ጂፕሰም ላይ ስለሚሄድ በረዶ ላይ የሚነዱ ይመስላል። በመንገዱ ዳር የጥላ ጣራ ያላቸው የምሳ ጠረጴዛዎች ቆመዋል። በእግር ለመሄድ ለሚወድ፣ ከሁሉ አጭሩ ደርሶ መልስ 650 ሜትር ያህል የሆነው የእንጨት መተላለፊያ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድበት ስለ ሆነ ለአያቶችና ለደካሞች ይስማማል። ከዚያም ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች የሆነና ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ሌሎች ሁለት መንገዶች አሉ። አልካላይ ፍላትን ግን ለልጆች አንመርጥም፤ በጥቅምት ወር እንኳ ቢሆን አንመርጥም። ልጅ ከሩቅ ያለውን ኮረብታ አይፈልግም፤ ደስታው በመጀመሪያው ኮረብታ ላይ ይፈጸማል፤ ሩቁን የሚፈልገው አባትየው ነው።

በአሸዋው ላይ መጥፋት ቀላል ነው። ኮረብታው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የራስን ዱካ ተከትዬ እመለሳለሁ ማለትም ነፋስ በተነሣ ጊዜ ከንቱ ይሆናል። መንግሥት መንገዱን በቀለም በተለዩ ምሰሶዎች አመልክቶታል። ሕጉም አጭር ነው፤ ከአንዱ ምሰሶ ዘንድ ቆሞ የሚቀጥለውን ማየት ያልቻለ ሰው ወደ ኋላ ይመለስ። በእጅ የሚያዘው ስልክም በዚያ ሁልጊዜ ስለማይሠራ በርሱ መታመን አይገባም። የፓርኩ ሹማምንት ምሰሶ መትከል፣ ሰሌዳ መጻፍና በበሩ ላይ ውኃ ማቅረብ ይችላሉ፤ ይህንንም አድርገዋል። በሩን አልፎ የገባውን ቤተሰብ ጠርሙስ ግን እየቈጠሩ ሊከተሉት አይችሉም። በአገራችንም የአፋርን የጨው ሜዳ ለጐብኚ የሚያሰናዱ ሰዎች የሹሙ ሥራ እስከ የት፣ የወላጁ ሥራ ከየት እንደሚጀምር ከዚህ ቢመለከቱ መልካም ነው።

የልጆቹን ጨዋታ ስንመለከት፣ በዚያ የተለመደው ክብ በሆነ የላስቲክ ሳሕን ላይ ተቀምጦ ከኮረብታ መንሸራተት ነው። ሳሕኑ ከመግቢያው ሱቅ ይሸጣል፤ ከሥሩ ሰም ካልተቀባ አይንሸራተትም። የሚመረጠው ኮረብታ ግርጌው ሰፊና ባዶ የሆነ፣ መኪና ከሚቆምበትም ከዛፍም የራቀ ይሁን። ጉድጓድና ዋሻ መቈፈርን ግን ወላጅ ፈጽሞ ይከልክል። አሸዋው ለእጅ የለሰለሰ ቢሆንም ተደርምሶ በላዩ የወደቀበትን ልጅ የሚያፍን ከባድ ነገር ነው። ከዚህም በቀር አካባቢው የጦር መሣሪያ መፈተኛ ስለ ነበረና አሁንም ስለ ሆነ፣ ልጆች ከአሸዋው ውስጥ ብረት ቢያገኙ እንዳይነኩትና ለጠባቂ እንዲናገሩ ከመኪና ሳይወርዱ ይነገራቸው።

ለአስተዋይ ልጅ ከመንሸራተቱ የሚበልጥ የሚታይ አለ። በዚያ የሚኖሩ አንዳንድ እንሽላሊቶችና አይጦች በዘመናት ብዛት ቀለማቸው ነጥቶ ከአሸዋው ጋር ተመሳስለዋል፤ በዙሪያው ባለው ጥቁር ምድር የሚኖሩት ዘመዶቻቸው ግን እንደ ጠቆሩ ናቸው። ዩካ የሚባለው ተክል ደግሞ አሸዋው እየተከመረ ሊቀብረው ሲል እርሱም ወደ ላይ እየረዘመ ራሱን ያወጣል፤ ኮረብታው ሲያልፍ ግን ረዥሙ ግንዱ መደገፊያ አጥቶ ይወድቃል። የአዋሽን ሳላ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በዚህ አገር የሳላን ዘመድ ቢያይ አይደነቅ። የግዛቲቱ መንግሥት ከ1969 እስከ 1977 ዓመት ድረስ ከደቡባዊ አፍሪካ ምድረ በዳ ዘራቸው የመጣ 95 ሳላዎች በሠራዊቱ መሬት ላይ ለቅቆ ነበር፤ እነርሱም ተራብተው ዛሬ በሺሕ ይቈጠራሉ። ውኃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን የሚቆየው ሳላ በዚያ ምድር መራባቱ የሚያስገርም አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን በዚህ ምድር የተገኘው የጥንት ሰዎች ዱካ ነው። ዛሬ ምድረ በዳ የሆነው ሜዳ በጥንት ዘመን ሐይቅ የነበረበት ርጥብ አገር ነበር፤ በጭቃው ላይ የተረገጠው ዱካም ደርቆ በአፈር ተሸፍኖ እስከ ዘመናችን ቆይቷል። በ2021 ዓመት ሊቃውንት ባወጡት ጥናት ከነዚህ ዱካዎች አንዳንዶቹ ከ21,000 እስከ 23,000 ዓመት የሆናቸው መሆኑን ገለጹ። በዘመኑ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በ2023 ዓመት በሌላ መንገድ መርምረው ያንኑ አጸኑ።

ከነዚህም ውስጥ በ2020 ዓመት የተገለጠው አንድ ዱካ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፤ ዕድሜውም ከ10,000 ዓመት በላይ ነው። ሊቃውንቱ እንደ ተረጐሙት የዱካው ባለቤት ሴት ወይም ጎረምሳ ነው፤ በሚያዳልጥ ጭቃ ላይ ፈጥኖ ይራመድ ነበር፤ ሕፃንም ታቅፏል። ሕፃን መያዙ የታወቀው፣ በየጥቂት ስፍራው የትንሽ ልጅ እግር ከዱካው አጠገብ ስለሚታይ ነው። ታቅፎ የነበረውን ልጅ አስቀምጦ ያርፍና ወይም ክንድ ይለውጥና እንደገና አንሥቶ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ከዚያም ያው ሰው በዚያው መስመር ተመልሷል፤ በመልሱ ግን የልጅ ዱካ የለም። በሄደበትና በተመለሰበት መካከል ባለው ጊዜ ታላላቅ አውሬዎች ዱካውን አቋርጠው አልፈዋል፤ ማሞት የሚባለው የዝሆን ዘመድ ምንም ሳያስብ ሲያልፍ፣ ሌላው ዛሬ ዘሩ የጠፋ ግዙፍ አውሬ ግን የሰውን ዱካ ሲያገኝ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ዙሪያውን የቃኘ ይመስላል። ልጁ ወደ ማን እንደ ተወሰደ፣ ለማንም እንደ ተሰጠ ጭቃው አልጻፈም። ዱካዎቹ በቀላሉ የሚፈርሱ ስለ ሆኑ ጐብኚ ወደሚገኙበት ስፍራ አይገባም። ሆኖም አባት ወይም እናት በኮረብታው ላይ ሆነው ታናሹን ልጅ ሲያቅፉ ይህን ቢነግሩት፣ ልጅ የሚረሳው ታሪክ አይመስለንም።

ወላጅ ሊያውቃቸው የሚገቡ የሕመም ምልክቶችም አሉ። በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣሉ። ሲብስ ላቡ ሊቆም፣ ንግግሩ ሊደናገር፣ ሲጫወት የነበረው ልጅ በድንገት ዝም ሊል ይችላል። በዚህን ጊዜ ጥቂት እንረፍና እንቀጥል ማለት አይገባም፤ ወደ ጥላ ወይም ወደ መኪና አግብቶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ሰውነቱን በውኃ አርጥቦ ማቀዝቀዝና ጠባቂዎቹን መጥራት ነው። የታመመውን ሰው ብቻውን ወደ መኪና መላክ ግን ከላይ በነገርነው ታሪክ እንደ ታየው እጅግ የሚያስፈራ ነው። አንዱ የታመመ እንደ ሆነ ሁሉም አብረው ይመለሱ።

የቀኑ መልካም ክፍል ጠዋትና ማታ ነው። የፓርኩ በር በአብዛኛው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈታል፤ የሚዘጋበት ሰዓት ግን ከፀሐይ መጥለቅ ጋር እንደ ወቅቱ ይለዋወጣልና በመግቢያው ላይ ጠይቆ መጻፍ ይገባል። ፀሐይ ወደ ሳን አንድሬስ ተራሮች ስታዘነብል ነጩ አሸዋ ቢጫ፣ ቀጥሎም ቀይ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ መስሎ ይታያል፤ ከመጥለቋ በፊት ባለው ሰዓትም የፓርኩ ጠባቂዎች ጐብኚዎችን እየመሩ በአጭር መንገድ የሚያሳዩበት ሥርዐት አላቸው። ልጆች ያሉት ሰው በራሱ ከመቅበዝበዝ ከነርሱ ጋር መሄዱን እንመርጣለን። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ብርዱ ፈጥኖ ስለሚመጣ ጋቢ ወይም ሹራብ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ከኮረብታው ሲወርዱም አባትየው ከፊት፣ እናትየው ከኋላ ሆነው ልጆቹን በመካከል ያድርጉ፤ በመኪናው አጠገብ ቆመውም አንድ በአንድ ቈጥረው ያስገቡ፤ የጫማውን አሸዋ ማራገፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።